ኮፒው ሰርቨሩ ላይ ይሠራ፤ ዳታው በላፕቶፓችሁ በኩል አይዙር

በኔትወርክ ፋይል ሲስተም ላይ ትልቅ ዳታ ኮፒ ለማድረግ የሚነሳን ሰው ሁሌም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዳታው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ስክሪኑ ላይ አይታይማ። ሁለት ፎልደር ይከፈታል፣ ከአንዱ ተጎትቶ ሌላው ላይ ይጣላል። ጎን ለጎን ስለሆኑ ዳታው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚሻገር ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። ሁለቱም ፎልደሮች ያሉት ሰርቨር ላይ ነው፤ የእናንተ ማሽን ክላይንት ነው። ክላይንቱ እያንዳንዱን ባይት ከሰርቨሩ ያነብባል፣ ወደ ራሱ ሜሞሪ ያመጣል፣ ከዚያ ያንኑ ባይት መልሶ ወደ ሰርቨር ይጽፋል። ወንበርን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ለማዛወር በግቢው በር አውጥቶ፣ መንደሩን አዙሮ፣ እንደገና በዚያው በር እንደማስገባት ነው።

ሥራዬ የፋይል ሰርቨሮችን መንከባከብ ነው። ከምሠራላቸው ሰዎች የሚበዙት ቪዲዮ ኤዲተሮች ናቸው። የእነሱ አንድ ፕሮጀክት በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይይዛል፤ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከሥራ ስቶሬጅ ወደ አርካይቭ፣ ከአርካይቭ ወደ ሥራ ይመላለሳል። «ኔትወርኩ ዛሬ ምን ነካው?» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የስዊቹን (የኔትወርኩን ኬብሎች የሚያገናኘውን ሳጥን) ግራፍ ነው። አንድ ፖርት ላይ ገቢውም ወጪውም እኩል ከፍ ብሎ ጣሪያ ከነካ ነገሩ ይገባኛል፤ የሆነ ሰው በራሱ ማሽን በኩል እየገለበጠ ነው። የገባው ሁሉ ወዲያው ይወጣል፣ ሁለቱ መስመሮች አብረው ይሄዳሉ። ይህን ምልክት ዓይናችሁ ይልመደው። በኋላ መፍትሔው መሥራቱን የምታረጋግጡትም በዚሁ ነው።

ሒሳቡን እንይ። የ1 ጊጋቢት መስመር በወረቀት ላይ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ በተግባር 110 አካባቢ ብንል ጥሩ ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ቴራባይት ኮፒ ለማድረግ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ያውም በኬብል፣ መምጣትና መሄድ በአንድ ጊዜ በሚቻልበት። ዋይፋይ ላይ ሁለቱም አቅጣጫ አንድ አየር ስለሚጋሩ ፍጥነቱ ገደማው ግማሽ ይሆናል። ቤት ሆናችሁ በ20 ሜጋቢት ቪፒኤን ከገባችሁ ደግሞ 100 ጊጋባይት ብቻ 40,000 ሰከንድ ይወስዳል። ከ11 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርቨሩ ውስጥ ያለ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ እንኳ ተከታታይ ዳታን ከ1 ጊጋቢት መስመር ፈጥኖ ያነብባል፤ ኤስኤስዲ ከሆነማ ብዙ እጥፍ ነው። ማነቆው ዲስኩ ሳይሆን ዳታው እናንተ ጋ ደርሶ መመለሱ ነው። ደግሞ የሚጎዳው እናንተን ብቻ አይደለም፤ በዚያው መስመር የሚሠራ ሁሉ ይንቀራፈፍበታል።

በመጀመሪያ፣ ኮፒ ራሱ ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፋይሉን ማዛወር ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ የሚፈልግ የለም። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ፋይል ሲስተም ላይ ካሉና በአንድ ማውንት (የሰርቨሩ ፎልደር ማሽናችሁ ላይ በተያያዘበት ነጥብ) በኩል ከደረሳችሁባቸው፣ የማዛወሪያው ትእዛዝ «ኤምቪ» ስሙን ብቻ ይቀይራል። 1 ቴራባይትም ይሁን 1 ኪሎባይት በቅጽበት ያልቃል። ሁለቱ ቦታዎች በሁለት የተለያዩ ማውንቶች ከመጡ ግን «ኤምቪ» ዝም ብሎ ወደ ኮፒና ዲሊት ይለወጣል። ከኋላ ያለው ዲስክ አንድ ቢሆንም ክላይንቱ ያንን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሁለቱንም ፎልደር የያዘውን ዳይሬክተሪ በአንድ ማውንት ማግኘት ከተቻለ፣ ወይም ሰርቨሩ ላይ ራሱ ገብቶ «ኤምቪ» ማድረግ ከተፈቀደላችሁ፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። የቀረውን ማንበብም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ኤንኤፍኤስ 4.2 እና «ኮፒ» የሚለው ትእዛዝ

ኤንኤፍኤስ ክላይንትና ሰርቨር ፋይል የሚጋሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወጣ ፕሮቶኮል ነው። ለሕዝብ ከታተመው ሁለተኛው ስሪት ጀምሮ ክላይንት ሰርቨሩን «የዚህን ፋይል ስም ቀይርልኝ» ማለት ይችል ነበር። «ይህን ፋይል ገልብጥልኝ» ማለት ግን አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በፕሮቶኮሉ ውስጥ አልነበረም። በ1995 የታተመው ሦስተኛው ስሪትም አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በአርኤፍሲ 7862 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) የታተመው 4.2 ነው «ኮፒ» እና «ክሎን» የሚሉትን ትእዛዞች የጨመረው። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ስቶሬጅ ላይ ኮፒ የሚንቀራፈፍበት ምክንያት ይኸው ነው። ማውንቱ በ3 ወይም በ4.1 ከሆነ ክላይንቱ ማንበብና መጻፍ እንጂ ሌላ የሚለው ቃል የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክላይንቱ ሁለቱን ፋይሎች ይከፍታል። ከዚያ ለሰርቨሩ «ከዚህኛው፣ ከዚህ ባይት ጀምሮ፣ ይህን ያህል፣ ወደዚያኛው» ይለዋል። ሰርቨሩ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ትንሽ ከሆነ ጨርሶ ይመልሳል። ትልቅ ከሆነ «ጀምሬያለሁ» ብሎ መለያ ይሰጥና ሲጨርስ መልሶ ለክላይንቱ ይደውላል። ክላይንቱ በመሀል «የት ደረስክ?» ብሎ መጠየቅም «ተወው» ማለትም ይችላል። መልሶ የሚደውለው ክላይንቱ በከፈተው በዚያው ግንኙነት ስለሆነ ፋየርዎላችሁ ላይ አዲስ ነገር መክፈት አያስፈልግም።

በሊኑክስ በኩል የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት)፣ ማውንቱ እና ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም። ከርነሉ «ኮፒ ፋይል ሬንጅ» የሚባል የሲስተም ጥሪ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በ4.5 ነው የገባው። ማውንቱን «ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» ብላችሁ እዩት፤ «ቨርስ=4.2» የሚል መውጣት አለበት። 4.1 ወይም 3 ካለ ማውንቱን ፍቱና በ«ቨርስ=4.2» እንደገና ሞክሩ። እምቢ ካለ ሰርቨሩ አይደግፈውም ማለት ነው፤ ወደ ታች ወርዳችሁ «ሰርቨሮቹ ሁለት ሲሆኑ» በሚለው ሥር ስለ አርሲንክ (ፋይል ስለሚገለብጠውና ስለሚያመሳስለው ፕሮግራም) ያለውን አንብቡ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ከርነሉ አዲስ፣ ማውንቱም ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ ራሱ ጥሪውን ካልተጠቀመ ምንም አይለወጥም። የሊኑክስ የኮፒ ትእዛዝ «ሲፒ» ይህን ጥሪ በራሱ መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ኮርዩቲልስ (የመሠረታዊ ትእዛዞች ጥቅል) 9.0 ነው። ከዚያ በፊት ያለው «ሲፒ» አንብቦ ይጽፋል። ብዙ ድርጅት ውስጥ ያሉ የቆዩ ሊኑክሶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ «ሲፒ --ቨርዥን» ብላችሁ ቁጥሩን እዩ። አርሲንክ ደግሞ በሁለት ማውንቶች መካከል ሲሠራ ጥሪውን አይጠቀምም። ዳታውን ራሱ አንብቦ ራሱ ይጽፈዋል። ፕሮግረስ ባር የሚያሳዩ ብዙ መሣሪያዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ባሩ የሚሞላው ባይቱ በእጃቸው ሲያልፍ ነው።

ማረጋገጥ

ኮርዩቲልስ 9.2 እና ከዚያ በላይ ካላችሁ «ሲፒ --ዲባግ» የሚል አማራጭ አለ። ኮፒ ሲያደርግ «ኮፒ ኦፍሎድ» (ኮፒውን ለሌላ መተው) ብሎ ከጎኑ «የስ» ወይም ሌላ መልስ ይጽፋል። ጥሩ ፍንጭ ነው። ማስረጃ ግን አይደለም። «የስ» ማለት ከርነሉ ጥሪውን ተቀብሎ ጨርሷል ማለት ብቻ ነው። ሰርቨሩ እምቢ ቢል ከርነሉ በውስጡ ወደ ተራው መንገድ ተመልሶ ዳታውን በክላይንቱ በኩል ሊያሳልፈው ይችላል። «ሲፒ» ይህን አያይም፣ እናንተም አታዩም።

እኔ የማምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የኤንኤፍኤስ ቆጣሪዎች። «ኤንኤፍኤስስታት -ሲ» የክላይንቱን ትእዛዞች አንድ በአንድ ቆጥሮ ያሳያል። ከኮፒው በፊት «ሪድ»፣ «ራይት»፣ «ኮፒ» እና «ክሎን» ከሚሉት ሥር ያሉትን ቁጥሮች ጻፉ። አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉና መልሳችሁ እዩ። «ኮፒ» ወይም «ክሎን» ጨምሮ «ሪድ» እና «ራይት» ባሉበት ከቆዩ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ሆኗል። «ኮፒ» አንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ መቶ ቢጨምር አትደንግጡ። ሰርቨሩ በአንድ ጥሪ ከተጠየቀው ያነሰ ገልብጦ «እስካሁን ይህን ያህል ሠርቻለሁ» ማለት ይፈቀድለታል፤ ክላይንቱ ከዚያ ቀጥል ይለዋል።

ሁለተኛው ያ የስዊች ግራፍ ነው። ግራፉን ማየት ካልቻላችሁ የራሳችሁ ማሽን የኔትወርክ ቆጣሪ ይበቃል። 60 ጊጋባይት ፋይል ኮፒ ተደርጎ አልቆ፣ በኔትወርክ ካርዱ ያለፈው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት መሆን አለበት። ዲስኩ እየሠራ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቀር ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

የሚያደናቅፉ ነገሮች

አንዱ ስፓርስ የሚባለው፣ ባዶ ቦታዎችን ሳይጽፍ የሚዘለው አማራጭ ነው። «ሲፒ»ን «--ስፓርስ=ኦልዌይስ» ብላችሁ ካዘዛችሁት የዜሮ ብሎኮችን ለመፈለግ ፋይሉን ማንበብ ግድ ይለዋል፤ ካነበበ ደግሞ ዳታው ወደ እናንተ መጣ። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ የሚገለብጡ አሮጌ ስክሪፕቶች ውስጥ ይህን ደጋግሜ አግኝቻለሁ። ሪፍሊንክን (ሁለት ፋይሎች አንድ ዳታ እንዲጋሩ የሚያደርገውን) የሚከለክለው «--ሪፍሊንክ=ኔቨር»ም እንደዚሁ መንገዱን ይዘጋል።

ሌላው የማውንቱ ጉዳይ ነው። አንድ ሰርቨር ሁለት ፎልደር ኤክስፖርት አድርጎ (ለኔትወርኩ ከፍቶ) ክላይንቱ በሁለት ማውንት ከያዛቸው፣ ከ5.3 በታች የሆነ ከርነል «እነዚህ የተለያዩ ፋይል ሲስተሞች ናቸው» ብሎ ጥሪውን ይመልሰዋል። ከ5.3 ወዲህ ሁለቱም ኤንኤፍኤስ እስከሆኑ ድረስ ይሞከራል። ኮፒው ከኤንኤፍኤስ ወደ ሳምባ (በዊንዶውስ የፋይል ፕሮቶኮል በኤስኤምቢ የሚያጋራ ፕሮግራም) ማውንት ከሆነ ግን በየትኛውም ከርነል ተስፋ የለውም። ሁለቱ የተለያየ ፕሮቶኮል ስለሚናገሩ አንዱ ለሌላው ማዘዝ አይችልም።

«ክሎን» ከ«ኮፒ» ይለያል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባክአፕ የሚያዝ ሰው በደንብ ሊያውቀው ይገባል። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፋይል ሲስተም ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ሪፍሊንክ የተከፈተለት ኤክስኤፍኤስ ከሆነ፣ አዲሱ «ሲፒ» መጀመሪያ የሚጠይቀው ክሎን ነው። ክሎን ዳታ አይገለብጥም። አዲሱ ፋይል የአሮጌውን ብሎኮች እንዲጋራ ያደርጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ የተለወጠው ክፍል ብቻ ለብቻው ይጻፋል። ለዚህ ነው 300 ጊጋባይት ዓይን ሳይጨፈን የሚያልቀው። «ዲዩ» ሁለቱንም ፋይል ሙሉ አድርጎ ይቆጥራል፤ «ዲኤፍ» ግን ነጻው ቦታ እንዳልቀነሰ ይነግራችኋል። ሁለቱን ስታነጻጽሩ ክሎን መሆኑ ይገለጥላችኋል።

ኤዲተር አንድን ፕሮጀክት ለሙከራ ሁለት ለማድረግ ሲፈልግ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ለባክአፕ ግን አይሆንም። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ብሎክ ላይ ነው የቆሙት። ያ የዲስክ ቦታ ከተበላሸ ሁለቱም አብረው ይበላሻሉ። ክሎን የሚሠራው በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ብቻ መሆኑንም ያዙ። አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ግን የተለያየ ፋይል ሲስተም ውስጥ ያሉ ሁለት ፎልደሮች መካከል የሚሠራው «ኮፒ» ነው፤ ያ እውነተኛ ሁለተኛ ቅጂ ነው።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ባጭሩ፦ ኤስኤምቢም የራሱ የሰርቨር ኮፒ አለው። ሳምባ ከ4.1 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ፣ ይደግፈዋል። በኤክስፕሎረር ወይም በሮቦኮፒ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ስትገለብጡ በራሱ ይሠራል፤ የምትከፍቱት ነገር የለም። ከሰርቨሩ ውጪ ግን አይሄድም። ምንጩም መድረሻውም እዚያው ሰርቨር ላይ መሆን አለባቸው።

ሰርቨሮቹ ሁለት ሲሆኑ

ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ አርካይቭ ያለው ሁሉ ይገጥመዋል። ምንጩ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፣ መድረሻው ሌላ ሰርቨር ላይ። ሁለቱ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በ10 ጊጋቢት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መስመር ተያይዘዋል። እናንተ ደግሞ በዋይፋይ ላይ ናችሁ። ዳታው በመሀላቸው ባለው ወፍራም መስመር እንዲሄድ ማድረግ ነው ሥራው።

ኤንኤፍኤስ 4.2 ለዚህም መልስ አለው። ክላይንቱ ለምንጩ ሰርቨር «እገሌ የሚባል ሰርቨር መጥቶ ይህን ፋይል ያነብባል፣ ፍቀድለት» ይለዋል። ከዚያ መድረሻውን «ከእገሌ ሄደህ ውሰድ» ይለዋል። መድረሻው ራሱ እንደ ክላይንት ሆኖ ምንጩን ማውንት አድርጎ ያነብባል። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ይህ የመጣው በከርነል 5.6 ነው፤ እስካልከፈታችሁት ድረስ ዝግ ነው። የሚከፈተው መድረሻው ሰርቨር ላይ ባለው በኤንኤፍኤስዲ (የኤንኤፍኤስ ሰርቨሩ) ሞጁል ውስጥ «ኢንተር ኮፒ ኦፍሎድ ኢኔብል» የሚለውን ቅንብር «ዋይ» በማድረግ ነው። በተጨማሪ ምንጩ ለመድረሻው ሰርቨር አድራሻ ኤክስፖርት ማድረግ አለበት፣ በመሀላቸው ፖርት 2049 ክፍት መሆን አለበት፣ ክላይንቱም ሁለቱንም በ4.2 መያዝ አለበት። ትንንሽ ፋይሎችን ክላይንቱ በዚህ መንገድ አይልክም፤ ለእነሱ ድርድሩ ከኮፒው ይበልጣል።

ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። ሰርቨራችሁ ክላይንት በነገረው አድራሻ ሄዶ ሌላ ሰርቨርን ማውንት ያደርጋል ማለት ነው። ክላይንቶቹን ሁሉ የምታውቋቸው ዝግ ኔትወርክ ላይ እከፍተዋለሁ። ማንም ላፕቶፑን ይዞ የሚገባበት ቦታ ግን አልከፍተውም።

ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው ሁለተኛውን መንገድ። ያረጀ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁሉም ሰርቨር ላይ ይሠራል። ምንጩ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት በሚያስገባው ፕሮግራም) ግቡና አርሲንክን እዚያው አስነሱት፤ መድረሻው ሌላኛው ሰርቨር ይሁን። አርሲንክ ሁለቱም ጫፍ ሩቅ ሲሆን በቀጥታ «አይቻልም» ብሎ ያቆማል፤ አንዱ ጫፍ የቆማችሁበት ማሽን መሆን አለበት። በኤስኤስኤች በኩል ኮፒ የሚያደርገው «ኤስሲፒ» ግን አያቆምም። ከራሳችሁ ማሽን ሁለት ሰርቨሮችን ስትሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.7 ጀምሮ ዳታውን በእናንተ ማሽን በኩል ማሳለፍ ነባሪ አሠራሩ ነው። የድሮው ቀጥታ መንገድ የሚገኘው በትልቁ «-አር» አማራጭ ነው። ስክሪፕት ውስጥ «ኤስሲፒ» ያላችሁ ይህን ፈትሹ።

አርሲንክን ስታስነሱ የሚከተሉትን ልብ በሉ። «--አርካይቭ» የሚለው አማራጭ ባለቤትን፣ ፈቃድንና ሰዓትን ይዞ ይሄዳል። ሃርድ ሊንክ (የአንድ ፋይል ሌላ ስም)፣ ኤሲኤል (ዝርዝር የፈቃድ ሰንጠረዥ) እና ተጨማሪ አትሪቢዩቶች ግን በየራሳቸው አማራጭ ካልታዘዙ አይሄዱም። አርሲንክ ባለቤትን የሚያዛምደው በስም ነው። ኤንኤፍኤስ ክላይንቶቻችሁ በተጠቃሚ ቁጥር የሚሠሩ ከሆነና ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ያለው የስም ዝርዝር ካልተመሳሰለ «--ኑመሪክ-አይዲስ» ጨምሩ፤ አለበለዚያ ሰው የራሱን ፋይል መክፈት ያቅተዋል። ቪዲዮ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ «--ኮምፕረስ» አትጠቀሙ። ሲፒዩውን ያደክማል፣ መጠኑን አይቀንስም። የምንጩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር (/) ትርጉም አላት፤ ካለች የፎልደሩ ይዘት ነው የሚሄደው፣ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ። ስለዚህ መጀመሪያ በ«--ድራይ-ረን» አስነሱትና የሚያወጣውን ዝርዝር አንብቡ። «--ዲሊት» ያለበት ትእዛዝ ከሆነ ይህን እርምጃ በምንም ምክንያት አትዝለሉ።

ሥራውን ግንኙነቱ ቢቋረጥም እንዲቀጥል በሚያደርገው በቲማክስ ውስጥ አስጀምሩት። ከዚያ ላፕቶፓችሁን ዘግታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ እናንተ የሰጣችሁት ትእዛዝ ብቻ ነው፣ ዳታው ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለውም። በሥራ ሰዓት ከሆነ «--ቢደብሊውሊሚት» ሰጥታችሁ ፍጥነቱን ገድቡት፣ ኤዲተሮቹም ይሥሩበት።

ምንጩ ወደ መድረሻው የሚገባበትን የኤስኤስኤች ቁልፍ በተመለከተ፦ ኤጀንት ፎርዋርዲንግ (ሰርቨሩ በላፕቶፓችሁ ቁልፍ እንዲገባ መፍቀድ) ቀላሉ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ምንጩ ሰርቨር ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሆነ ሁሉ ግንኙነታችሁ እስካለ ድረስ በእናንተ ስም ወደ ሌላ ቦታ መግባት ይችላል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ፍጠሩ። መድረሻው ላይ ከአንድ አድራሻ ብቻ እንዲሠራ ገድቡት፤ ከአርሲንክ ጋር በሚመጣው «አርአርሲንክ» ስክሪፕት ደግሞ በአንድ ፎልደር አጥሩት።

ሚሊዮን ትንንሽ ፋይሎች

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትልልቅ ፋይሎች ነው። ትንንሾቹ ሌላ ችግር አላቸው፤ እዚያ ባንድዊድዝ ጉዳይ አይደለም። በኤንኤፍኤስ አንድ ፋይል ለመገልበጥ ክላይንቱ መፈለግ፣ መክፈት፣ መፍጠር፣ መጻፍ፣ ፈቃድ ማስተካከል፣ መዝጋት አለበት። ለእያንዳንዱ ፋይል 5 የደርሶ መልስ ጥያቄ ብቻ ብንይዝና ቪፒኤኑ ለአንድ ደርሶ መልስ 30 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ 1 ሚሊዮን ፋይል 150,000 ሰከንድ ይሆናል። ወደ 42 ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ ፋይሎቹ ባዶ ቢሆኑም እንኳ። «ኮፒ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ብዙም አያድንም፤ መክፈቱና መፍጠሩ አሁንም ከክላይንቱ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው ሥራውን በሙሉ ወደ ሰርቨሮቹ መውሰድ ነው። ከሰርቨር ሰርቨር አርሲንክ ጥሩ ይሠራል፤ ሁለቱ ጫፎች በየራሳቸው ዲስክ ላይ እየሠሩ ዳታውን በአንድ ጅረት ይላላካሉና። መድረሻው ባዶ ከሆነና ገና የመጀመሪያው ኮፒ ከሆነ፣ ምንጩ ላይ «ታር» አድርጎ (ፋይሎቹን በአንድ ጠቅልሎ) በኤስኤስኤች በኩል መድረሻው ላይ መፍታት ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ ከዚያ አርሲንክ የቀረውን ያስተካክላል። ሁለቱም ሰርቨሮች ዜድኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም የሚጠቀሙ ከሆኑ ደግሞ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ምስል) ይዞ «ሴንድ» እና «ሪሲቭ» ማድረግ ከሁሉም ይበልጣል። ፋይሎችን አንድ በአንድ አይዞርም፤ በሁለት ስናፕሾቶች መካከል የተለወጡትን ብሎኮች ብቻ ይልካል። መሠረተ ልማቱ ካላችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ካለቀ በኋላ

ብዙ ሰው ኮፒውን በትክክለኛው መንገድ ይሠራና ማረጋገጫውን በተሳሳተው ይሠራዋል። ከላፕቶፑ ላይ በሁለቱም ማውንት ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) የሚያወጣውን «ኤስኤችኤ256ሰም» ያስነሳል። ያን ጊዜ የሸሸነው ዳታ በሙሉ፣ በሁለት እጥፍ፣ ወደ ላፕቶፑ ይመጣል። ቼክሰሙን ምንጩ ሰርቨር ላይ አውጡ፣ የፋይሎቹ አድራሻ ከፎልደሩ የሚነሳ ይሁን፣ ዝርዝሩን ብቻ ወደ መድረሻው ላኩ፣ እዚያ በ«--ቼክ» አመሳክሩ። በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ገና የተጻፈ ፋይል ሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ወዲያው ቼክሰም ካደረጋችሁ ያመሳከራችሁት ሜሞሪውን እንጂ ዲስኩን ላይሆን ይችላል። ዳታው ከሰርቨሩ ራም በብዙ የሚበልጥ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ከሜሞሪ ወጥተዋል፤ ያነሰ ከሆነ «ሲንክ» ብላችሁ ካሹን (ሜሞሪ ውስጥ የተያዘውን ቅጂ) ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ አመሳክሩ።

ዝርዝሩ ያለ አንድም ስህተት ካለፈ፣ አርሲንክን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስነሱት። በኮፒው መሀል ሰው የለወጠው ፋይል ካለ ይይዝላችኋል። ምንም የሚልከው ከሌለ ለዚህ ሥራ የፈጠራችሁትን ቁልፍ ከመድረሻው አውጡ። ሰርቨሩ ላይ የኢንተር ኮፒን በር ከፍታችሁ ከነበረ ወደ «ኤን» መልሱት። ምንጩን ለማጥፋት ግን አትቸኩሉ፤ መድረሻው የራሱ ባክአፕ እስኪያልፍበት ድረስ ይቆይ።